ልምምድ ላይ የሚያረፍደውን ምርጥ ተጫዋቼን ምን ላድርገው?

ፊሽካ (ጠያቂ)፦

ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆችን ቡድን ሳሰለጥን ይህ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ጥብቅ አሰልጣኝ እንደምባል አውቃለሁ፤ ስሙንም አልጠላውም። የቡድኔ ሕጎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ልምምድ ከመጀመሩ 15 ደቂቃ ቀድሞ ሜዳ መድረስ፣ የሚቀር ሰው አስቀድሞ ማሳወቅ፣ በጨዋታ መካከል በቡድን ጓደኛ ላይ አለመጮኽ። ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ወይም የቀረ ልጅ በሚቀጥለው ጨዋታ አይሰለፍም። የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ይህን ሁሉ ወላጆችም ልጆችም ባሉበት ተናግሬ ነበር፤ እስካለፈው ወር ድረስም ያስቸገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን የተቸገርኩት በቡድኑ ምርጥ ተጫዋች ነው። ልጁ 14 ዓመቱ ሲሆን ግራኝ ነው። ሁለት ተከላካዮች ጥግ ላይ ከበውት እያሉ ኳሷን ከእግሩ ሳያርቅ መውጫ ያገኛል፤ ይህንንም ማንም አላስተማረውም። ዳሩ ግን ካለፉት ስምንት ልምምዶች በአምስቱ አርፍዷል፤ ሲመጣም ሌሎቹ ሰውነታቸውን አሟሙቀው ከጨረሱ በኋላ ታኬታውን እያሰረ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀላቀላል። በጨዋታ ላይ ደግሞ አብዶ (ተጋጣሚን በኳስ ማታለል) ያበዛል፤ ነጻ የቆመ ጓደኛውን እያየ ኳሷን አይለቅም፤ ሲነጠቅም ቆሞ ያያል እንጂ ተመልሶ አይከላከልም።

በግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። እስከ እረፍት 1 ለ 0 ተመራን። በእረፍቱ ሰዓት የልጆቹን ፊት አየሁ፣ ከሜዳው ዳር የቆሙትን ወላጆች ጉርምርምታ ሰማሁ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እኔም ማሸነፍ ፈልጌ ነበርና አስገባሁት። ሁለት ጎል አግብቶ 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ለፍጻሜም አለፍን። በሚቀጥለው ልምምድ ግን ዘወትር ከሁሉ ቀድመው ከሚመጡት ልጆች መካከል ሁለቱ አርፍደው መጡ። አንደኛውን ለምን እንዳረፈደ ብጠይቀው አንገቱን እንደ ደፋ፣ «መሸነፍ ስንጀምር ያስገቡን የለም እንዴ?» አለኝ። የቀሩት ሳቁ፤ እኔ የምመልሰው አጣሁ።

ፍጻሜው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሕጌን አጥብቄ ልጁን ባስቀምጠው ተሰጥኦውን የምቀጣ ይመስለኛል፤ ባሰልፈው ደግሞ የቀሩት 17 ልጆች ከእንግዲህ ቃሌን አያምኑም። በተመሳሳይ ሁኔታ ያለፋችሁ ካላችሁ ምክራችሁን እጠብቃለሁ።

የድሮ አምበል፦

አሰልጣኝ፣ በመጀመሪያ ደረጃ የተሳሳቱት ልጁን ሲያስቀምጡ ሳይሆን ሲያስገቡት ነው። ያ የሳቁብዎ ዕለት የሕግዎ ቀብር ነበር፤ ያ አንገቱን የደፋ ልጅም የተናገረው እውነቱን ነው፣ ሊቆጡት አይገባም።

እኔ በወጣትነቴ አምበል ሆኜ በተጫወትሁበት ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ነበረ፤ አሰልጣኛችን «እሱ ሌላ ነው» እያለ ስላለፈው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከልምምድ በፊት የምንሰበሰበው አራት ወይም አምስት ሰዎች ብቻ ሆነን ነበር። ቡድን የሚፈርሰው በአንድ ቀን አይደለም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ፍጻሜውንም ቢሆን ሙሉውን ያስቀምጡት እላለሁ።

ትልልቆቹን አሰልጣኞች ይመልከቱ። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ለ12 ዓመታት የማንቸስተር ዩናይትድ መሐል ሜዳ ምሰሶ የነበረውን አምበሉን ሮይ ኪንን፣ በክለቡ ቴሌቪዥን የቡድን ጓደኞቹን ክፉኛ ከተቸ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2005 አሰናብተውታል፤ ቡድኑም አልፈረሰም፤ ከ2007 እስከ 2009 ባሉት ሦስት ተከታታይ ዓመታት የሊጉን ዋንጫ አነሣ። ከእግር ኳስ ውጭም ቢሆን የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ጆን ውደን ታሪክ የታወቀ ነው። የቡድኑ ኮከብ ቢል ዋልተን ከእረፍት ጺሙን አሳድጎ መጣና ጺም ማሳደግ መብቱ እንደሆነ ተከራከረ፤ ውደንም በእምነቱ የሚጸና ሰው እንደሚያከብሩ፣ ነገር ግን ቡድኑ እንደሚናፍቀው ነገሩት። ዋልተን ወዲያው ሄዶ ተላጨ። ውደን ያን ቀን ቢያመነቱ ኖሮ ከዚያ በኋላ የሚናገሩትን ማን ይሰማ ነበር?

የመስመር ዳር፦

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም ፈርጉሰንን ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው ግማሹን ታሪክ ብቻ መጥቀስ የለበትም። ሮይ ኪንን ያሰናበቱት እኚሁ አሰልጣኝ ናቸው የዚያው ክለብ አጥቂ ኤሪክ ካንቶና እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1995 ከሜዳ በቀይ ካርድ ሲወጣ ተመልካች በእርግጫ ከመታ በኋላ፣ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ በታገደበት ወቅት ክለቡን ለመልቀቅ ሲነሣ፣ ፓሪስ ድረስ ሄደው እንዲመለስ ያግባቡት። ካንቶና ኦክቶበር 1 ቀን ተመለሰ፤ በዚያው የውድድር ዘመን ቡድኑ ሊጉንም የኤፍ ኤ ዋንጫንም አሸነፈ። አንዱን ለማቆየት ባሕር ተሻግረው ሌላውን በር ያሳዩበትን ምክንያት እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፤ የካንቶና ጥፋት ከባድ ቢሆንም በቡድን ጓደኞቹ ላይ ያነጣጠረ አልነበረም፣ የኪን ንግግር ግን በቀጥታ የመልበሻ ክፍሉን የሚነካ ነበር። በዚህ የማይስማማ ሰው ሊኖር ይችላል።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2011 የማንቸስተር ሲቲው ካርሎስ ቴቬዝ በሙኒክ በተደረገው ጨዋታ ተቀይሮ ለመግባት እምቢ አለ ተብሎ፣ አሰልጣኙ ሮቤርቶ ማንቺኒ ከእንግዲህ ለእኔ አይጫወትም አሉ። ቴቬዝ በበኩሉ አለመግባባት ነበር ብሎ ክሱን አስተባብሏል። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ግን ማንቺኒ ራሳቸው መልሰው አሰለፉት፤ ገና በመጀመሪያው ጨዋታው ቼልሲን ያሸነፉበትን ጎል ያመቻቸው እሱ ነበር፤ ሲቲም በዚያ ዓመት የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ስለዚህ በትልልቆቹ ታሪክ ውስጥ የፈለጉትን መልስ መምረጥ ይችላሉ። ከዚያም በላይ እነዚህ ሁሉ ደመወዝ የሚከፈላቸው አዋቂዎች ናቸው፤ አንዱ ቢሄድ ሌላ ይገዛል። እርስዎ ያለዎት የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ እሱን ማሰናበት ማለት ምናልባት ከጨዋታው ጨርሶ ማስወጣት ሊሆን ይችላል።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስመለስ፣ ጥፋቱ ያለው በሕጉ ቃል ላይ ይመስለኛል። «አይሰለፍም» ብለዋል። ለእኔ ይህ ቃል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያው አሰላለፍ ውስጥ አይገባም፣ ወይም ጨርሶ አይጫወትም። እርስዎ ልጁን በእረፍት ሰዓት ሲያስገቡት የመጀመሪያውን ትርጉም ይዘው ራስዎን አሳምነው ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግን ሁለተኛውን ነው የያዙት። ሁለት ትርጉም ያለው ሕግ ሲጨንቀን ወደሚጠቅመን ትርጉም ይጎተታል፤ ልጆችም ይህን ከእኛ ቀድመው ያያሉ።

በተጨማሪም ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም። ለ20 ደቂቃ መዘግየት ሙሉ ጨዋታ መከልከል ትልቅ ቅጣት ነው፤ ትልቅ ቅጣት ደግሞ ለመፈጸም ስለሚከብድ፣ በተለይም በግማሽ ፍጻሜ ቀን፣ ሰውን ለማፈግፈግ ያጋልጣል። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አካል፣ አይፋብ፣ በታዳጊዎችና በታችኛው እርከን ጨዋታዎች ላይ እንዲሠራ የፈቀደውን ጊዜያዊ ከሜዳ የማስወጣት ሥርዓት ልብ ይበሉ። ተጫዋቹ ከጠቅላላው የጨዋታ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ለሚሆን ጊዜ ይወጣል፤ በ90 ደቂቃ ጨዋታ 10 ደቂቃ ማለት ነው፤ ርዝመቱም ለሁሉም ጥፋት አንድ ዓይነት ነው። አጭር ስለሆነ ዳኛው ለመስጠት አይፈራም፤ የታወቀ ስለሆነ የሚከራከር አይኖርም። እርስዎም ያረፈደ ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የሚቀጥለውን ጨዋታ የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ከወንበር ላይ ሆኖ ያያል ቢሉ፣ በፍጻሜም ቀን ቢሆን እጅዎ ሳይንቀጠቀጥ ሊፈጽሙት የሚችሉት ሕግ ይኖርዎታል።

በመጨረሻ ልጁ ሁልጊዜ ምርጥ ሆኖ ይቀጥላል ብለው አያስቡ። ወንዶች ልጆች ቁመታቸው በፍጥነት የሚጨምርበት ዕድሜ በአማካይ 14 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከልጅ ልጅ ያለው ልዩነት ግን ብዙ ነው፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉ እኩያሞች በአካል ብስለት የዓመታት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። በታዳጊ ቡድኖች ውስጥ የዕድሜ ምድቡ የሚቆጠርበት ዓመት በሚጀምርባቸው ወራት የተወለዱት፣ ማለትም ከምድብ ጓደኞቻቸው በወራት የሚበልጡት፣ ከድርሻቸው በላይ በዝተው መገኘታቸውም በብዙ አገሮች የታየ ነገር ነው። የእርስዎ ግራኝ ተሰጥኦው እውነተኛ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ዛሬ ወንበር ላይ የሚቀመጠው አጭሩ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊበልጠው እንደሚችል እያሰቡ ቢወስኑ ጥሩ ነው።

የተጠባባቂው አባት፦

እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም፤ ከላይ ስማቸው የተዘረዘሩትንም ሰዎች በቴሌቪዥን ብቻ ነው የማውቃቸው። ልጄ በእርስዎ ዓይነት ቡድን ውስጥ ከዓመት እስከ ዓመት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ተከላካይ ነው። አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። ማሊያውን ከዋዜማው አዘጋጅቶ ነው የሚተኛው።

ባለፈው ዓመት የእነርሱም አሰልጣኝ እንደ እርስዎ ያለ ሕግ ነበረው፤ እንደ እርስዎ ያለ ኮከብም ነበረው። ኮከቡ ሲያረፍድ በእሱ ቦታ የገባው ልጄ ነበር፤ ለ35 ደቂቃ ተጫወተ፤ ከዚያም ቡድኑ ጎል ሲቆጠርበት ወዲያው ተቀየረ። ወደ ቤት ስንመለስ ያለቀሰው ስለ ተቀየረ መስሎኝ ነበር። «የገባሁት እሱን ለመቅጣት ነው» አለኝ። ለካስ ልጄ በዚያች 35 ደቂቃ ውስጥ ተጫዋች ሳይሆን የሌላ ሰው ቅጣት ሆኖ ነበር የቆመው።

አሰልጣኝ፣ በጽሑፍዎ ውስጥ ስለ ኮከቡ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ስለ ቀሩት 17 ልጆች ግን የተጻፈው ቃልዎን አያምኑም የሚል ብቻ ነው። በግማሽ ፍጻሜው ላይ በእሱ ቦታ ጀምሮ በእረፍት የወጣው ልጅ ማን ነው? ያን ቀን ምን ብለው አስወጡት? ለዚህ መልስ ካለዎት ይጻፉልን።

ቁጥር 10፦

እኔ ያ የሚያረፍደው ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ ከወንበሩ በሌላ በኩል ሆኜ ልጻፍ።

ከ11 ዓመቴ እስከ 16 ዓመቴ ድረስ በተጫወትኩበት ቡድን ውስጥ ሕግ ለእኔ አይሠራም ነበር። ሳረፍድ ይስቁልኛል፤ ኳስ ሳላቀብል ስቀር «ተዉት፣ ይሠራዋል» ይባላል፤ ተመልሼ ሳልከላከል ከኋላዬ ያለው ልጅ ለሁለት እንዲሮጥ ይታዘዛል። በዚያን ጊዜ እንደ ተወደድኩ ነበር የሚሰማኝ። በ16 ዓመቴ ወደ ተሻለ ቡድን ስሄድ አዲሱ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ ያለ አንዳች ማብራሪያ አስቀመጠኝ። በሕይወቴ ተቀምጬ ስለማላውቅ እንደ ጥላቻ ቆጠርኩት፤ በ17 ዓመቴ ጨዋታውን ተውኩ። አዲሱ አሰልጣኝ አንድ ቃል ቢነግረኝ መልካም ነበር። ነገር ግን ይበልጥ የበደሉኝ የሳቁልኝ ናቸው ብዬ ካመንኩ ቆይቻለሁ፤ መከላከል የሚባለውን ነገር የማልወደው አድርገው ቆጠሩት እንጂ፣ መቼ መመለስ፣ የት መቆም፣ የተጋጣሚን ማቀበያ መስመር እንዴት መዝጋት እንዳለብኝ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። አለመቻሌን ስንፍና ብለው ሰየሙት፤ እኔም ስሙን ተቀበልኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ልጁን ለምን እንደሚያረፍድ ጠይቀውታል? በጽሑፍዎ ውስጥ አላየሁትም። እኔ የማረፍደው የልምምዱ የመጀመሪያ 20 ደቂቃ ያለ ኳስ ሜዳውን መዞር ስለነበረ ነው። ኳስ የሚወጣበትን ሰዓት ስለማውቅ በዚያችው ሰዓት እደርስ ነበር። ሰነፍ አልነበርኩም፤ ሰዓቴ በጣም ትክክል ነበር።

የስፖርት መምህር፦

ቁጥር 10 የጻፉት ነገር ከሙያዬ አንጻር ትልቅ ቁም ነገር ያለው ስለሆነ ከዚያው ልቀጥል። ጠያቂው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርተዋል። ማርፈድ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ኳስ አለማቀበልና ተመልሶ አለመከላከል ግን በ14 ዓመት ዕድሜ በአብዛኛው የትምህርት ጉዳይ ነው፤ በልምምድ ይታረማል እንጂ በወንበር አይታረምም። ሁለቱን ካቀላቀሉ ልጁ የሚቀጣው ስላረፈደ ይሁን አብዶ ስለሠራ አይለይም፤ ምናልባትም የሚተወው ማርፈዱን ሳይሆን አብዶውን ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ያለውን ውድ ነገር መግደል ነው።

አብዶን መከልከል ሳይሆን ቦታ መስጠት ይሻላል። አራት ለአራት ሆነው በትንሽ ሜዳ ሲጫወቱ፣ በራስ ግማሽ ሜዳ ኳስን ከሁለት ንክኪ በላይ መያዝ አይቻልም፤ በተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል ግን ሁሉም እንደ ፈለገ ያታልል ብለው ይደንግጉ። ልጁ በሁለት ሳምንት ውስጥ የት መልቀቅ የት መያዝ እንዳለበት እግሩ ያውቀዋል። ለመከላከሉ ደግሞ ኳስ የተነጠቀ ቡድን በ5 ሰከንድ ውስጥ መልሶ ከነጠቀ እንደ አንድ ጎል ይቆጠርለት። ከኋላው ሆነው «ተመለስ!» እያሉ ከመጮኽ ይህ እጅግ ይሠራል፤ ድምፅም ይቆጥባል።

ስለ ቅጣት ግን አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቃውንት የሆኑት ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል ለዓመታት የሕፃናት ቤዝቦል አሰልጣኞችን አጥንተዋል። ጥረትን እንዲያበረታቱ፣ ስሕተት ሲፈጠር ከቁጣ ይልቅ ትምህርት እንዲሰጡ በሠለጠኑ አሰልጣኞች ሥር ከተጫወቱት ልጆች በሚቀጥለው ዓመት ያልተመለሱት 5 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ሥልጠናውን ባላገኙት አሰልጣኞች ሥር ከነበሩት ግን 26 በመቶዎቹ አልተመለሱም። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል። ሁለቱ ሊቃውንት ሕግ አያስፈልግም አላሉም፤ እንዲያውም ሕጉ ገና ዓመቱ ሲጀመር፣ ልጆቹ ራሳቸው በማውጣቱ ተሳትፈው፣ ተለይቶ እንዲታወቅ ይመክራሉ። እርስዎ ሕጉን ተናግረዋል፤ ልጆቹ ግን ሰሙት እንጂ አላወጡትም።

የድሮ አምበል ለጠቀሱት የውደን ታሪክም አንድ ማስታወሻ ልጨምር፤ እኚያ ጥብቅ ሰው የዓመቱን የመጀመሪያ ልምምድ የሚጀምሩት ተጫዋቾቻቸውን ካልሲ እንዴት እንደሚለበስና የጫማ ክር እንዴት እንደሚታሰር በማስተማር ነበር። እግሩ ውኃ የቋጠረ ተጫዋች መሮጥ አይችልምና። ጥብቅነታቸው ዋልተንን ከማሰናበት ዛቻ የጀመረ አይደለም።

የድሮ አምበል፦

የመስመር ዳርና መምህሩ የተናገሩትን ተቀብያለሁ፤ ሙሉ ጨዋታ ይቀመጥ ያልሁትን አለዝባለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም። ሕጉን ከመለወጥዎ በፊት የፈረሰው ሕግ በማን እጅ እንደ ፈረሰ ለልጆቹ ይንገሯቸው። አዲስ ሕግ በአሮጌ ውሸት ላይ አይቆምም።

ፊሽካ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሴ የዘገየው የመከራችሁኝን ለማድረግ ጊዜ ስለፈለግኩ ነው።

በመጀመሪያ ለተጠባባቂው አባት ልመልስ። በእረፍት የወጣው ልጅ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነው፤ በዚያ ቀን ሲወጣ ምንም አላልኩትም። ጥያቄዎ እንቅልፍ ስለነሣኝ የዓመቱን መዝገብ አውጥቼ የእያንዳንዱን ልጅ የጨዋታ ደቂቃ ደመርኩ። ይህ ልጅ አንድም ልምምድ ሳይቀር በዓመቱ ሁሉ የተጫወተው ከሦስት ሙሉ ጨዋታ ያነሰ ነው። ይህን ቁጥር ካየሁ በኋላ ስለ ፍትሕ የተናገርኩትን ሁሉ መልሼ ማንበብ አፈርኩ። ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ምንም አይደለም» አለኝ፤ ምንም አለመሆኑን ግን ፊቱ አልመሰከረም።

ቀጥዬ ኮከቡን ጠየቅኩት፤ ቁጥር 10 እንዳሉት ጠይቄው አላውቅም ነበር። ከአምስቱ ቀናት በሦስቱ ያረፈደው የእናቱ የሥራ ሰዓት በመለወጡ ታናሽ እኅቱን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ማድረስ ስለነበረበት ነው። ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ ምክንያት የሚደረድር እንዳልመስልዎ ብዬ ነው አለ። እኔ ምክንያት መስማት እንደማልወድ በየጊዜው ስለምናገር የተናገርኩትን አምኖ ነው ዝም ያለው። በቀሩት ሁለት ቀናትስ ብዬ ብጠይቀው ግን መሬት መሬት አየና፣ «ሩጫው አልቆ እንደሆነ ብዬ ነው» አለ። ስለዚህ ልጁ ሙሉ በሙሉ ንጹሕም አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ጥፋተኛም አይደለም። የልምምዱን የመጀመሪያ 20 ደቂቃ በኳስ አድርጌዋለሁ፤ ለሁሉም ይሻላል፣ በራሱም ቀድሞ መደረግ ነበረበት።

ከዚያ ቡድኑን ክብ ሠርተን ተቀመጥን። የድሮ አምበል እንዳሉት፣ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ሕጉን ያፈረስኩት እኔ መሆኔን፣ ያፈረስኩትም ማሸነፍ ስለፈለግኩ መሆኑን ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። ያረፈደ ምን ይሁን ብዬ ስጠይቃቸው ከእኔ የባሱ ጨካኞች ሆነው አገኘኋቸው፤ አንዱ አንድ ወር ይታገድ አለ፣ ሌላው ከቡድኑ ይባረር አለ፤ ይህን ያለው በራሱ ያረፈደው ልጅ መሆኑ ትንሽ አስቆኛል። በመጨረሻ የተስማማነው በ10 ደቂቃው ነው፤ ያረፈደ ሁሉ፣ ማንም ቢሆን፣ ጨዋታው ምንም ቢሆን፣ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ይቀመጣል፤ በቂ ምክንያት ያለው ደግሞ ከልምምዱ በፊት ለአምበሉ ወይም ለእኔ ይነግራል። «አይሰለፍም» የሚለውን ቃል ከሕጋችን አውጥተነዋል። በረኛችን እጁን አውጥቶ፣ «በፍጻሜውም ቢሆን?» ብሎ ጠየቀ። በፍጻሜውም ቢሆን አልኩት።

ፍጻሜው ከነገ ወዲያ ነው። ኮከባችን ሁለት ሳምንት ሙሉ በሰዓቱ ሲመጣ ከቆየ በኋላ ትናንት 12 ደቂቃ አረፈደ። ለአምበሉም ለእኔም አልነገረም፤ ስጠይቀውም የእኅቱ ጉዳይ እንዳልነበረ ራሱ ተናገረ። ምንም ሳልለው ራሱ፣ «ዐሥር ደቂቃ ነው አይደል?» አለኝ። አሰላለፉን ዛሬ ጠዋት ጽፌ ለልጆቹ አሳውቄአለሁ፤ በግራ መስመር የሚጀምረው ያ የቀኝ ክንፍ ልጅ ነው። በግራ እግሩ ጎበዝ አይደለም። ስንት ደቂቃ ልጫወት ብሎ ጠይቆኝ፣ ሲደክምህ ንገረኝ እንጂ ከእረፍት በፊት አትወጣም ብዬዋለሁ።